ወንድሟ ሐኪም ነው አለችኝ

ዛሬ እረፍት ሰዓት ላይ ከኢንዶኔዥያዊቷ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ እየጠጣን ነበር። እዚህ ዱባይ የምንግባባው በተሰባበረ አረብኛ ነው። ስለ ወንድሟ አነሳችና «ሐኪም ነው» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የእናቴን የጉልበት ሕመም ዘረዘርኩላት። በትዕግሥት ሰማችኝና «እሱ እኮ የሚሠራው ፍርድ ቤት ነው» አለችኝ።

ለካ በእነሱ ቋንቋ ሐኪም ማለት ዳኛ ነው! አረብኛ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት አሉት። «ሐ» ረዘም ብላ ስትነበብ ገዢ ወይም ዳኛ ይሆናል። «ኪ» ስትረዝም ደግሞ ጠቢብ፣ ሐኪም። እኛ ጋ የሚታወቀው ሐኪሙ ነው፣ እነሱ ጋ ዳኛው።

ከዚያ ወሬው አላቆመም። የአረቦቹ «ከሊማ» ቃል ማለት ነው፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ «ካሊማት» ዓረፍተ ነገር ሆኗል። ቋንቋ የነበረው «ሉጋ» ደግሞ «ሎጋት» ተብሎ የአነጋገር ቅላጼ ሆነ። ከሁሉም የገረመኝ ግን «አህሊ» ነው። አረብኛው «አህል» ቤተሰብ ማለት ነው። ኢንዶኔዥያ ሲደርስ ባለሙያ ሆነ፣ ጎረቤት ማሌዥያ ደግሞ አባል። ሁለቱ ቋንቋዎች እኮ መንትያ ናቸው! አንድ ማሌዥያዊ የማኅበር አባል ነኝ ሲል ኢንዶኔዥያዊው የሙያው ሊቅ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

«ወኪል» ላይ ግን ተገናኘን። ምክትል ፕሬዚዳንታቸውን «ወኪል ፕሬሲደን» ነው የሚሉት።

ስንለያይ «ሰላማት ጃላን» አለችኝ። የመጀመሪያዋን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።