የእማዬ ክንድ ላይ ያለው ጆሮ ጠቢ

እማዬ "ጆሮ ጠቢው" ነው የምትለው። ግራ ክንዷ ላይ፣ ከኋላ በኩል የተለጠፈ ክብ ነጭ ነገር ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ ይላል። ከሥሩ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን፣ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ክር ቆዳዋ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ስልኬን ሳስጠጋው ድዝዝ ይልና የስኳሯን ቁጥር ያሳየኛል። ጣት መውጋት የለ፣ ደም የለ፣ ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ የለ።

ወንድሜ ነው ከጀርመን በሰው እጅ የላከልን። ሁለት ፍሬ። ፍሪስታይል ሊብሬ ይባላል፤ አውሮፓ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ነው ለገበያ የወጣው። አንዱ የሚያገለግለው 14 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነቅሎ ይጣላል። ስለዚህ ያለን ሀብት በጠቅላላው 28 ቀን ነበር። የመጀመሪያውን ሐምሌ 30 ማታ ለጠፍኩላት። ዕቃው የደረሰን ያን ቀን ስለነበር እንጂ አስቤበት አይደለም። በማግስቱ ፍልሰታ እንደሚገባ እንኳ ልብ አላልኩም። እማዬ ግን ልብ ብላለች።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። በክረምት ጭቃው ደረጃው ድረስ ይከተለናል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ነው የምመለሰው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 17 ዓመት አልፏታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ያንን ወተት የመሰለውን። ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሀል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች። ከሩቅ ላያት ሰው ጸሎት የምታደርስ ነው የምትመስለው።

ከዚህ በፊት የምንለካት በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ስትሪፕ ውድ ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምስ። 110፣ 125፣ 118። ክትትል ስትሄድም የሚለኩላት ጠዋት ነው። ጎበዝ ይሏታል። እኔም የድርሻዬን ጎበዝ ይሉኛል። ሁላችንም ረክተን ነበር።

መጀመሪያ ቀን እንደ ሕፃን ነው የሆንኩት። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሰዓት ምንም አያሳይም። ከዚያ 164 አለ፣ አጠገቡ ወደ ጎን የተኛች ቀስት። ቀስቷ ስኳሩ እየወጣ ይሁን እየወረደ የምትጠቁም ናት። እስክንተኛ ድረስ ሃያ ጊዜ ሳልለካት አልቀረሁም። "ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ባትሪውን ጨረስሽው" አለችኝ። በማግስቱ የፎቅ ጎረቤታችን ነጠላዋ ተንሸራቶ ክንዷን አይታ፣ "ምነው፣ በስተርጅና የወሊድ መከላከያ አስቀበሩሽ?" ብላት ሁለቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

አንድ ችግር አለው። የላከልን ዓይነት ስልክ ሲጠጋው ብቻ ነው የሚያነበው፤ በራሱ አይጮህም። የእማዬ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው፣ ስለዚህ የሚያነበው የእኔ ብቻ ነው። ክንዷ ላይ ያለው ያለፈውን 8 ሰዓት ብቻ ይይዛል። ማታ 12 ተኩል ላይ ሳስጠጋው የማየው ከረፋዱ 4 ተኩል ወዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጠፍቷል።

ነሐሴ 3 ማታ ሳየው መስመሩ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እንደሚወርደው መንገድ ቁልቁል ሄዷል። 6 ሰዓት ላይ 80። 7 ተኩል ላይ 58። እዚያው ሲንፏቀቅ ቆይቶ 9 ሰዓት ላይ ተተኩሶ 230 ደረሰ። መሣሪያው ነው የተበላሸው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። 9 ሰዓት! በፍልሰታ በ9 ሰዓት የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ጠዋት 12 ተኩል የምትወጋው ኢንሱሊን ወዲያው አይደለም የሚሠራው። አምስት ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው የሚበረታው። ልክ እኩለ ቀን ላይ። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ምንም የለም። እኔ ከድኜ የምሄደው ሽሮ ማታ ስመጣ ሰሃኑ ታጥቦ አገኘዋለሁ፣ በላች ብዬ ደስ ይለኛል። በልታለች። በ9 ሰዓት።

"እማዬ፣ ዛሬ ምሳ ስንት ሰዓት በላሽ?"

"ሰባት ሰዓት።"

ስልኩን አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፣ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፣ መልሳ አወለቀችው።

"እሱ ነው የነገረሽ?"

እኔ ጮህኩ። "ልትሞቺ ነው ወይ?" ምናምን አልኩ። የማይባል ነገርም ሳልናገር አልቀረሁም። እሷ ዝም ብላ ተነስታ ክፍሏ ገባች። አሳደገችኝ፣ ደበደበችኝ፣ ደብተሬን ፈትሻ አታውቅም። እኔ ግን ክንዷ ላይ ፖሊስ አቆምኩባት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 8 ሰዓት ላይ በእግር ጣቴ ተራምጄ ገባሁና ስልኩን አስጠጋሁ። 52። ስኳር በውኃ ልበጠብጥ ስሮጥ ብርጭቆ ጥዬ ሰበርኩ። እማዬ ነቃች። "መጀመሪያ ጣቴን ውጊ" አለችኝ። 121። ደግሜ ወጋኋት። 119። ለካ በዚያ ክንዷ ላይ ነበር የተኛችው። ይህ ነገር ደሙን አይደለም የሚለካው፤ በሴሎች መሀል ያለውን ፈሳሽ ነው። ለዚህ ነው ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ የሚቀረው። ሲተኙበት ደግሞ ፈሳሹ ይጨመቅና ያልወረደውን ወረደ ይላል።

"ጆሮ ጠቢሽ ይዋሻል እንዴ?" አለች። ሳቅን። የብርጭቆውን ስብርባሪ እየለቀምኩ ነበር ማውራት የጀመረችው።

"ላብ ያሰምጠኛል። ዓይኔን ጭጋግ ይሸፍነዋል። ጉልበቴ ይከዳኛል። እኔማ ሥጋዬ ደከመ፣ ጾሙ ያዘልኝ እላለሁ።"

የንስሐ አባትሽን ለምን አልጠየቅሽም አልኳት። "ብጠይቃቸው ብዪ ነው የሚሉኝ" አለች። "ለዚህ ነው ያልጠየቅኳቸው።"

ከዚያ ሰኔ ውስጥ ደረጃው ላይ የወደቀችውን አነሳች። የሐዋርያት ጾም ነበር። ያኔ ጭቃው አዳለጠኝ ብላናለች፣ እኛም ኮንዶሚኒየሙን ስንረግም ከረምን። ጭቃው ይሁን ስኳሩ አሁን ማንም አያውቅም። ያኔ ክንዷ ላይ ምንም አልነበረም።

ነሐሴ 6 ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ካርዷን ትቶ ስልኬን ነው ያየው፤ በጣቱ ወደ ኋላ ወደ ፊት እየገፋ። በእሷ ዕድሜ ላለ ሰው፣ አለን፣ ስኳሩ የቀኑን ግማሽ በ70 እና በ180 መሀል ከዋለ ጥሩ ነው። ከ70 በታች ግን በቀን ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ። እማዬ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር እዚያ ታች የምትውለው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የምፈራው ላዩን ነበር። ድንች አትብዪ፣ ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጪ፣ ዳቦውን አስቀምጪ። በሽማግሌ ላይ መውረዱ ይብሳል፤ ይወድቃሉ፣ ይቃዣሉ፣ ቤተሰብ እርጅና ነው ይላል። የጠዋቱን መጠን ቀነሰላት፣ ሳትበላ እንዳትወጋም አስጠነቀቃት።

ከሐኪሙ ስንመለስ ለንስሐ አባቷ ደወለች። በሩን ዘግታ ብዙ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጠዋት ከመወጋቷ በፊት በሶ ትጠጣለች፣ ምሳዋን 6 ሰዓት ላይ ትበላለች። ከሥጋና ከወተት ግን ጾሟን ነች።

እኔም ሳትዘረጋልኝ ስልክ ላላስጠጋ ለራሴ ቃል ገባሁ። ትዘረጋለች። ማታ ልክ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ክንዷን ታወጣለች። ቀስቷን ማንበብ ለምዳለች። "ተኝታለች" ትላለች ደስ ሲላት።

በቡሄ ዋዜማ ብቻ ነው እምቢ ያለችው። ልጆቹ ከታች ጀምረው አራተኛ ፎቅ ድረስ በዱላ ደረጃውን እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ብለው መጡ። ሙልሙል ስታድል አንዱን ለራሷ ቆርሳ ነበር። ከዚያም ሌላ ቆረሰች። ስልኬን ሳነሳ በመዳፏ ሸፈነችው። "ነገ በዓል ነው። አትይው።" አላየሁትም። ጠዋት ስትዘረጋልኝ መስመሩ ላይ 243 የሚል ተራራ ተቀምጧል። ሁለታችንም ስለሱ አላወራንም።

ነሐሴ 14 ማታ ጊዜው አለቀ። ስልኩ ከዚህ በኋላ አላነብም አለ። ቫዝሊን ቀብቼ ቀስ ብዬ ነቀልኩት። ቆዳዋ ላይ ክብ ምልክት ቀረ። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከመስከረሙ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ልንለጥፈው ተስማማን። "እንግዲህ ነገ የሚያየኝ የለም" አለችኝ እየሳቀች።

በማግስቱ የጾሙ መጨረሻ ነበር። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ስልኬን አሥር ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ማታ ስገባ ጠበል ጠጥታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ምን ሰዓት በላሽ አላልኳትም። ውኃ ልቀዳ ወጥ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ነሐሴ 15 ካለበት አጠገብ፣ በዚያ በተንጋደደ ትልልቅ ጽሑፏ "6 ሰዓት 112" ተጽፏል። ከሥሩ "8 ሰዓት 171"። የጣት መውጊያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስትሪፑን ከፈትኩ። ሁለት ቀርቶታል።