ከጅማ አጋሮ፦ የቀጭን ካቴና ጣጣ

ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለብስክሌት ልምምድ የሚመረጠው፣ አንዱን ዳገት ጨርሰው ሳይተነፍሱ ሌላው ስለሚጀምር ነው። ባሕር ዳር ላይ ጠዋቱን ሙሉ በአንድ ማርሽ መንዳት ይቻላል። እዚህ ጣት ከማርሽ መቀየሪያው አይነሳም፤ እንደ እኔ ያለውን የሜዳ ሰው ያበሳጫል። ለካቴናም ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፤ ሙሉ ጉልበት እየተጫነው ከጥርስ ወደ ጥርስ እንዲሻገር ይገደዳል።

ወሩ ነሐሴ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማው ስንወጣ ሌሊት የጣለው ዝናብ ቀዩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ አውርዶት ነበር። የዚህ አገር ጭቃ እንደ ልብ አይራገፍም። ከዘይት ጋር ተለውሶ ካቴናው ውስጥ ሲገባ ቀለበቶቹን የሚያያይዘውን ፒን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

መንገዱ ላይ ካለችው ከተማ ከየቡ ሳንደርስ ከመካከላችን የአንዱ ብስክሌት ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ድምፁን ከፔዳሉ ዙር ጋር ማስተያየት የሥራው ግማሽ ነው። ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አንዴ ከጮኸ ጥፋቱ የፊት ጥርሱ ወይም ራሱ ፔዳሉ ጋ ነው። ሁለት ተኩል፣ ሦስት ጊዜ ዞሮ አንዴ ከሆነ ግን ከካቴናው ቀለበቶች አንዱ ደርቋል፣ አልታጠፍ ብሏል፤ ካቴናው አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በዚያ ልክ ነውና። ዳገት ላይ ሲረግጡት ብቻ የሚዘል ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። የእኛው የደረቀ ቀለበት ነበር። እሱን ለማግኘት ፔዳሉን በእጅ ወደ ኋላ እያዞሩ የኋላውን ካምቢዮ፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን ክንድ፣ ማየት ነው፤ የደረቀው ቀለበት በትንንሾቹ መንኮራኩሮች ሲያልፍ ካምቢዮው ነቅነቅ ይላል። ግራና ቀኙን ይዞ ወደ ጎን ቀስ አድርጎ ማጠፍ ያላላዋል።

ችግሩ እንዲህ ያለ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ካቴናው ቀደም ሲል ተፈትቶ በተገጠመበት ቦታ መሆኑ ነው። የባለ 10 ማርሽ (ከኋላ አሥር ጥርስ የተደረደረለት ብስክሌት) ካቴና ፒን ጫፉ ፋብሪካ ላይ ተደቁሶ ይሰፋል። ተገፍቶ ሲወጣ ያ የሰፋው ጫፍ ይላጣል፤ ያንኑ ፒን መልሶ ቢያስገቡት የጎን ብረቱን የሚይዝለት ነገር የለም። ቀጣዩ ዳገት ላይ እግር ከፔዳሉ ላይ ሳይቀል የፊት ማርሹ ሲቀየር የጎን ብረቱ ከፒኑ ወጣ፤ ካቴናው አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ።

ዝናቡም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር መሰል። ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንድ አባት ወጡና ምንም ሳይጠይቁ ጃንጥላቸውን ከሥራው በላይ ዘረጉት፤ ለጭንቅላታችን ሳይሆን ለብስክሌቱ። አብሮን ያለው የጅማ ልጅ በኦሮምኛ «ኦቦ፣ እርስዎ ረጠቡ እኮ» ቢላቸውም እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

አሠራሩ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን የካቴና ጫፎች አቀራርቦ የሚይዝ፣ ከቁራጭ ሽቦ የታጠፈ ባለ ሁለት ቀንድ መንጠቆ ይደረጋል፤ አለዚያ ካምቢዮው እየጎተተ ያስቸግራል። ከዚያ በካቴና መፍቻው የተላቀቀው የውጭ ቀለበት ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ካቴና ጠባብ የውስጥና ሰፊ የውጭ ቀለበት እየተፈራረቀ የተሠራ ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ የቀረው የውስጥ ቀለበት መሆን አለበት። በመካከላቸው በእጅ የሚገጠመው ማያያዣ ይገባል፤ እሱ ራሱ የውጭ ቀለበት ስለሆነ ካቴናው አያጥርም። በመጨረሻ ማያያዣውን ወደ ላይኛው መስመር አምጥቶ፣ የኋላ ፍሬን ይዞ ፔዳሉን አንዴ መርገጥ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ማያያዣው የግድ የባለ 10 ማርሽ መሆን አለበት። የእኛው ካቴና አጠገቡ ያለው የውስጥ ቀለበትም ተጣሞ ስለነበር እሱንና ቀጥሎ ያለውን የውጭ ቀለበት ጨምረን አወጣን፤ በዚህም 25.4 ሚሊ ሜትር አጠረ። ያጠረ ካቴና ትልቁን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር አይችልም፤ በዚያ ቢሞከር ካምቢዮውን ሊገነጥለው ይችላል።

የቡን አልፈን አጋሮ ደረስን፣ በልተን ተመለስን።

ጅማ ማታውን ካቴና ፍለጋ ሌላ ዳገት ሆነ። አንድ ሱቅ ካርቶን የሌለው ካቴና አውጥቶ «ለሁሉም ይሆናል» አለና 1,800 ብር ጠራ፤ ያው ዓይነት ከአጠገቡ 1,300 ነበር። ብሩ አይደለም የሚያናድደው። ለሁሉም የሚሆን ካቴና የለም፤ የባለ 8 ማርሽ ከውጭ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የባለ 10ው 6 ገደማ ነው። ወፍራሙ ባለ 10 ማርሽ ላይ ሲገጠም ጎረቤት ጥርስ እየነካ ይጮሃል። ባሕር ዳር ብሆን ይህን የብስክሌት ጠጋኙ ልጅም ያውቀዋል፤ ትዕቢት ከሆነ ይሁን።

የጊዜው መላ የተገኘው ከሞተር ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ነው። እሱ ጋ ያለው 428 የሚባለው የሞተር ካቴና ከፒን ፒን ርቀቱ ልክ እንደ ብስክሌቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጡ ግን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ አይሆንም። ያም ሆኖ ነጭ ጋዝ በተቆረጠ ሃይላንድ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የብረት ማስመሪያ ሰጠን፤ ገንዘብም አልቀበል አለ። ጋዙ ጭቃውን አወጣው። ከዚያ ልኬት፦ ካቴናው ተወጥሮ ከአንድ ፒን መሀል 24 ፒን ተቆጥሮ ሲለካ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 306.3 ሲደርስ መቀየር ይጀመራል፤ 307.8 ከደረሰ የኋላውን ጥርስም ይዞ ሄዷል። የእኛው 307 ላይ ነበር።

ትክክለኛው ባለ 10 ካቴና በኋላ ከከተማው ብስክሌተኞች ከአንዱ እጅ በ2,400 ተገኘ። ርዝመቱ የሚቆረጠው በካምቢዮው ሳያልፍ በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ጠቅልሎ፣ ከሚገናኝበት ላይ አንድ የውስጥና አንድ የውጭ ቀለበት በመጨመር ነው። ዘይቱ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጠኛ ጎን አንድ ጠብታ፤ ጥቂት ቆይቶ ከላይ ያለው በጨርቅ ይጠረጋል። የሞተር ዘይት ለዚህ ጭቃ አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ አፈሩን ሰብስቦ ያስቀምጠዋል።

ሙከራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ተደረገ። በትልልቆቹ የኋላ ጥርሶች ጸጥ ብሎ ወጣ። ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ በትንሹ ጥርስ ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ግን ዘለለ፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ እንዲህ ነው። የኋላ ጥርሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትንሹ ጥርስ እንዳይነካ ተባለ።