የቻይና ገበሬዎችን አባባል ከነወቅቱ ስማረው

ሰሜን ቻይና እማር በነበረበት ጊዜ የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀመጥ ብለውኝ ነበር። ነገሩ የተቃናልኝ ግቢያችን አጠገብ አትክልት የሚሸጡ ሽማግሌ ጋ መቀመጥ ስጀምር ነው። እንደ አካባቢው ልጆች «ዬዬ» እላቸው ነበር፤ አያቴ ማለት ነው። የሚሉትን ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ መቼና የት እንደሚባል።

የገበሬው ዓመት 24 ቦታ የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል 15 ቀን ገደማ ይሆናል። አቆጣጠሩ የተወለደው በቢጫ ወንዝ ተፋሰስ ሲሆን ዩኔስኮም በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። «በቺንግሚንግ ሰሞን ሐብሐብ ዝራ፣ ባቄላ ትከል» ይባላል፤ ቺንግሚንግ ከ24ቱ ክፍሎች አንዱ ሲሆን ጊዜው ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። «ሰው መሬትን ለአፍታ ቢያዘገይ፣ መሬት ሰውን ዓመት ታዘገየዋለች» የሚለውንም ያኔ ነው የሰማሁት። የኛው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ወዲያው ትዝ አለኝ።

ከሁሉም የወደድኩት የዘጠኝ ዘጠኙን ግጥም ነው። ዲሴምበር 22 አካባቢ፣ ሌሊቱ ከሁሉ ከሚረዝምበት ዕለት ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘጠኞች እጅህን ከኪስ አታወጣም። በሦስተኛውና በአራተኛው በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ትሄዳለህ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ወንዝ ዳር አኻያ ዛፍ ታያለህ። በሰባተኛው ወንዙ ይከፈታል፤ በስምንተኛው ዝይ ይመጣል። ዘጠኙም ዘጠኝ አልቆ ሌላ ዘጠኝ ሲጨመር በሬዎች ማሳውን ይሞሉታል። አንዳንዱ ቤት 81 ቅጠል ያለው የአበባ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ በየቀኑ አንድ ቅጠል ይቀለማል። እኔም ሠርቼ ሰቅዬ ነበር። ብርዱ አልቀነሰም፣ ግን ማለቂያው ታየኝ።

ስለ ስንዴ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «በብርድ ወራት ስንዴው ሦስት ብርድ ልብስ ከለበሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንቶው ተንተርሰህ ትተኛለህ።» ማንቶው በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ዳቦ ነው፤ ብርድ ልብሱ በረዶው። በረዶው ቡቃያውን ከውርጭ ይከላከልለታል፤ ሲቀልጥም ዝናብ በማይገኝበት የጸደይ ወቅት ያጠጣዋል።

«የት» የሚለው ጥያቄ ዋጋው የገባኝም በስንዴ ነው። ሰሜኖቹ ስንዴ የሚዘራው ሴፕቴምበር 23 አካባቢ ነው ይላሉ። ከነሱ በስተደቡብ ባለችው ጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ግን ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ኖቬምበር 7 ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ደቡቡ ይሞቃላ! የአንዱን አባባል ለሌላው ብትሰጠው ዘሩን ታበላሽበታለህ።

ስለ ሰማይም አላቸው፦ «ጠዋት ሰማዩ ከቀላ ከቤት አትውጣ፤ ማታ ከቀላ ሺህ ሊ ተጓዝ።» ሊ የቻይና የርቀት መለኪያ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እዚያ የአየሩ ጠባይ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እኔም ጃንጥላ ለመያዝ እጠቀምበት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን አላምነውም። የኛ ዝናብ በዚያ መንገድ አይመጣም።