ዓርብ ማታ፣ ከቄሳር ገበታ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሮም ልትጠይቀኝ በመጣች ሰሞን አከራዬ እራት ጋበዙን። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ቤታችን ቴስታቾ የሚባል ሰፈር ነው፤ አጠገባችን ያለው ኮረብታ የጥንት ሮማውያን ከጣሉት የዘይት እንስራ ገል የተከመረ ነው። እዚያ ሥር የኖረ ሰው እንዴት ጤነኛ ይሁን?

«ዓርብ ነው፣ ሥጋና ወተት አንበላም» ስላቸው «ድሃው ሮማዊስ ሥጋ የት አግኝቶ!» ብለው ጭራሽ ደስ አላቸው።

አክስቴ ፓስታ በስጎ ስትጠብቅ ገንፎ መጣ። «ፑልስ ይባላል» አሉ። «የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው ሮማውያን ለረጅም ዘመን የኖሩት በዳቦ ሳይሆን በዚህ ነው።» አክስቴ ሳህኑን በሐዘኔታ አየችው። «ምነው፣ መሐሉን እንኳ አልጎደጎዱትም» ብላ በማንኪያዋ አበጀችው፤ የወይራ ዘይቱን ሞላችበት፤ ከቦርሳዋ በርበሬ አወጣች።

ሰውዬው ጮኹ። «በርበሬና ቲማቲም ከአሜሪካ የመጡት ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው! ቄሳር አያውቃቸውም!»

ተረጎምኩላት። «እንግዲህ የቀረበት እሱ ነው» አለችና ነሰነሰችው።

ቀጥሎ በሸክላ ኩባያ መጠጥ ቀረበ። አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን ቋጠረች። «ፖስካ» አሉ አከራዬ፣ «አቼቶ በውሃ! የሮማ ወታደሮች መጠጥ!» «አቼቶ» እና «ሮማ» የሚሉትን ቃላት ያለ አስተርጓሚ ገጣጠመቻቸው። ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀምጣ አማተበች። «ጌታዬን በመስቀል ላይ ያቀረቡለትን! ያውም በዕለተ ዓርብ!»

ይሄንን እንዴት ይተረጉሙታል? «በጣም ወደደችው» አልኳቸው። ሞሉላት።

መጨረሻ ላይ ከፒር የተሠራ ጣፋጭ መጣ። አክስቴ ፊቷ ፈካ፤ ደገመች። እኔም ምን እንዳለበት ጠየቅኩ። ማር፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንቁላል... ጋሩም። ጋሩም የዓሣ ሆድ ዕቃ በጨው ታሽቶ፣ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ሰንብቶ የሚጠለል ፈሳሽ ነው፤ ሮማውያን የማያፈሱበት ምግብ አልነበረም፣ ጣፋጩም ሳይቀር። እሳቸው ያፈሰሱት ዛሬ በደቡብ ጣሊያኗ ቼታራ ከሰርዲን መሰል ትናንሽ ዓሣዎች የሚጠለለውን ዘመዱን ነው። «ገንፎውም ውስጥ አለ» አሉ በኩራት። «ሥጋ ግን ጠብ አላለበትም!»

«ምን አለበት አሉ?» አለች አክስቴ ጣቷን እየላሰች።

«ከሙን።»

«አሠራሩን ጻፍልኝ። ለፍልሰታ ይሆነኛል።»