እንኳን አደረሳችሁ፣ ከባሕር ዳር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

የአደይ አበባ ፎቶ ከየአቅጣጫው እየጎረፈላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሹ ፎርዋርድ ነው። አንዳንዱማ ዓመተ ምሕረቱ እንኳ አልተቀየረም። እኔ ፎቶውን ትቼ 2017ን ትንሽ ላውራላችሁ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የምንወድ ሰዎች ዓመቱን የምንቆጥረው በራሳችን መንገድ ነው።

በኢንተርኔት የምንደዋወልበት ስካይፕ ተዘጋ። ያውም ሚያዝያ 27፣ በአርበኞች ቀን። ለዛሬ ልጆች ምንም አይደለም፤ ቴሌግራም ይዘው ነው ያደጉት። ውጭ አገር ዘመድ ያለው የእኔ እኩያ ግን ያስታውሰዋል። ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ጠብቀህ፣ ማዳመጫውን ሰክተህ፣ "ይሰማል? ይሰማል?" ስትል ሒሳብህ ያልቃል። ስክሪኑን የሚስሙ እናቶች ነበሩ። ነፍስ ይማር ብለናል።

ጥር ላይ ደግሞ ዲፕሲክ የሚባለው የቻይና ሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ሞዴል መጥቶ ዓለምን አንጫጫ። በትንሽ ወጪ ተሠራ መባሉ ብቻውን ቺፕ አምራቹን ኤንቪዲያን በአንድ ቀን 600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገበያ ዋጋ አሳጣው። እኛ ጣና ዳር ማኪያቶ ይዘን የተከራከርነው ግን ስለ አክሲዮን አይደለም። እነዚህ ነገሮች አማርኛ ይችላሉ ወይ? ነው ጥያቄው። ይችላሉ። አንዱን የጣና ታንኳ ከምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። "ጥራት ካለው እንጨት" አለኝ፣ ባማረ አማርኛ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! የሚሠራው እኮ ከደንገል ነው፣ ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል።

ግን እኛ ያልጻፍነውን ከየት ያምጣው? የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ግንቦት ላይ 7 ሚሊዮን ጽሑፍ ሞላው። የእኛው 15 ሺህ አካባቢ ነው። ከመካከላችን አንዷ ይህ አናዷት ስልኳን ይዛ ታንኳ የሚሠሩ አባት ዘንድ ሄደች። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል። እየተነባበረ ይታሰራል። ታንኳው ከሐይቁ ሲወጣ ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ዳር ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል፤ አለዚያ ቶሎ ይበሰብሳል። አባባ ይህን እያስረዱ ገመዱን በጉልበታቸው ረግጠው ሲያጠብቁ ይታያሉ። ከዚያ ቀና ብለው "ቆመሽ ከምታነሺኝ ያዥልኝ እንጂ!" ይላሉ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቋረጣል። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

የጣና ደንገል ደግሞ እንዲህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊሻገርባት የተነሳው "ራ" የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነው። እስቲ አንዳችሁ በአማርኛ በደንብ ጻፉልን።

የጳጉሜን ነገርስ? ሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ነው። ከዚሁ ከጣና የሚወጣው ዓባይ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት በሚችል ግድብ ላይ ደረሰ። ያን ቀን በግሩፓችን ስለ ኮድ ያወራ የለም። አንዱ "እኛ ሰፈር መብራት የለም" ብሎ ቢጽፍ የሳቅ ኢሞጂ ዘነበበት። ነገር ግን ይህን ታላቅ ቀን ስንቱ ፎርም ላይ መጻፍ አይቻልም! የወሩ ምርጫ 12 ላይ ያቆማል። ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ አንድ ቢሮ ሄዳ "ነሐሴ 30 በይው፣ ያው ነው" ተብላለች። ያው አይደለም እኮ።

ይህን ጉዳይ የያዙት ተማሪዎች ናቸው። ከአውሮፓው ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ማለፍ እንደማያዋጣ፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 እንደምትሆንና ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል በትዕግሥት አስረዱ። ደግሞም የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ድረ ገጽ በሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ በጃቫስክሪፕት ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። አስቦ የሚጠራው ሰው ነው የጠፋው። ልጆቹ ፎርማቸው ላይ 13ኛዋን ወር አስገብተው ኮዱን ለሁሉም ለቀቁት። ክፍያ? አንድ ዙር ጁስ።

በ2016 ሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ ፋይል በፍላሽ ስንቀባበል የነበርነው እኛው ነን። በ2017 ቢያንስ በወጉ ተጨቃጨቅን። ሌሊት ለማያውቁት ሰው ኮድ ያስተካከላችሁ፣ "ይህ ጥያቄ ተደጋግሟል" ሳትሉ ለጀማሪ የመለሳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የተጣላችሁትም በዓል ነውና ታረቁ። በተለይ በ"ሀ" እና በ"ሐ" የተጣላችሁት።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ፣ ማይክሮሶፍት ለመደበኛ ድጋፉ የቆረጠው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 4፣ 2018 ነው። ዶሮውን ብሉ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ነገ ግን ፋይላችሁን ገልብጡ። መልካም አዲስ ዓመት!