ከ6ኛው እስከ 12ኛው ዳይቭ፦ ዛንዚባር ላይ ዳይቭ ሴንተር የመረጥኩበት መንገድ

ባሕር ውስጥ በጠለቅኩ ቁጥር አንድ ገጽ የምሞላበት ደብተር፣ የሎግ ቡኬ 12ኛ ገጽ ተሞላ። ለብዙዎቻችሁ ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ነው፤ አምና 5ኛው ገጽ ላይ ነገሩን ጨርሶ ልተወው ነበርና። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወደዚያው ባሕር ተመልሼ ሰባት ጊዜ ጠለቅኩ። ሰባቱንም ወደድኳቸው። ባሕሩ ያው ነው። የተለወጠው ከማን ጋር እና የት እንደምጠልቅ የምመርጥበት መንገድ ነው።

አምና የሆነውን ላስቀድም። በዛንዚባር ሰሜን ጫፍ ባለችው ኑንግዊ ላይ የአራት ቀን ኦፕን ዋተር (የጀማሪ ጠላቂ) ኮርሴን ትዕግሥተኛ ከሆነ ኢንስትራክተር ጋር ጨረስኩ። አራቱ የኮርስ ዳይቮች ጥሩ ነበሩ። አንድ ትርፍ ቀን ነበረኝ። ባሕር ዳር ላይ አንድ ልጅ ቀረበኝ፤ እዚያ እንዲህ ቱሪስት እየዞሩ ሥራ የሚያገናኙትን «ፓፓሲ» ይሏቸዋል። ዋጋው ከሌላው በ40 ዶላር ያንሳል። ከፈልኩ። ወደ ወሰደኝ ቦታ ስደርስ የጠላቂነት ካርዴን ያየ የለም። ስንት ጊዜ ጠልቀሻል ያለኝም የለም። የጠየቁኝ የእግሬን ቁጥር ብቻ ነው፤ ለፊኑ፣ እግር ላይ ለሚጠለቀው መቅዘፊያ።

ዘጠኝ ጠላቂዎች ነበርን፣ መሪው አንድ። ገለጻው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ውሃ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደቆየን ኮራሉ ከሥሬ በራሱ ሲያልፍ አየሁ፤ በአውቶቡስ መስኮት መንገድ እንደሚታየው። እኔ አልዋኘሁም። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የገባኝ ያን ቀን ነው። መሪው ከፊት ርቋል። የቀረኝን አየር የሚያሳየው ጌጄ 60 ባር ላይ ሲደርስ ምልክት ባሳይም የሚያይ አልነበረም። እንደ እኔ ጀማሪ ከሆነች አንዲት ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆመን ነው የወጣነው፤ ኢንስትራክተሬን አመሰግናለሁ። ጀልባው በጣም ርቆ ነበር። ከላይ የሚታየው ተንሳፋፊ ምልክት ያለው መሪው ጋ ብቻ ነው። 25 ደቂቃ ያህል ማዕበል ላይ ጠበቅን። ምንም አልሆንንም። ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ወራት አለፉ። የፈራሁት ባሕሩን ነው ብዬ አስብ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ ቦታ መጥፎ ቦታ አይደለም። ሠላሳና አርባ ጊዜ ለጠለቀ ሰው ግሩም ነው። ለእኔ ያኔ የሚሆን አልነበረም፤ ለእኔ እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አልነበረም፣ ስላልጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ዳይቭ ሴንተርን የምመዝነው በሚነግረኝ ነገር አይደለም። በሚጠይቀኝ ነው።

ዘንድሮ ከመሄዴ ሁለት ወር በፊት ለአምስት ዳይቭ ሴንተሮች በዋትስአፕ አንድ ዓይነት መልእክት ላክሁ። ሆን ብዬ አጭር አደረግሁት፦ «ኦፕን ዋተር ነኝ፣ ጥቅምት ላይ እመጣለሁ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ምኔምባ እና ሌቨን ባንክ መጥለቅ እንፈልጋለን።» ምኔምባ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። አንዱ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ላከ። ሌላው «ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ቦታ እንወስዳችኋለን» አለኝ። አንዱ ጭራሽ አልመለሰም። ሁለቱ ግን በጥያቄ መለሱ። መጨረሻ የጠለቅሽው መቼ ነው? ስንት ጊዜ? እስከ ስንት ሜትር? አስም፣ የጆሮ ሕመም፣ በቋሚነት የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የመመለሻ በረራሽ ስንት ሰዓት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከሁለቱ አንዱን የመረጥኩት ኢንስትራክተሯ እምቢ ስላለችኝ ነው። ሌቨን ባንክ ከደሴቲቱ በስተሰሜን በክፍት ባሕር ላይ ያለ፣ ጅረቱ የሚበረታ ቦታ ነው። «በአምስት ዳይቭ አልወስድሽም። መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሪፍሬሸር፣ የተማርሽውን የሚያስታውስ ልምምድ፣ ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ አይተንሽ እንነጋገራለን» አለችኝ። ሌላው ቀን ቢሆን ገንዘቤን አልፈልግም እንዳለች ነጋዴ እቆጥራት ነበር። አሁን ግን ስፈልገው የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚያ እኔ በተራዬ ጠየቅሁ። ለአንድ መሪ ስንት ሰው? አራት። ጀልባው ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ኦክስጅን አለ? አለ። ጀልባችሁ ኮራሉ ላይ መልሕቅ ይጥላል ወይስ ከቡይ፣ ከተንሳፋፊ ማሰሪያ፣ ጋር ይታሰራል? ይታሰራል። ዶልፊን በጀልባ ታሳድዳላችሁ? አናሳድድም። የመጨረሻዋን የጠየቅሁት ምኔምባ ላይ አምና ያየሁት ስላስከፋኝ ነው። ደርዘን ጀልባ አንድ የዶልፊን መንጋ ከብቦ ሰው በላያቸው ሲዘል ማየት ያሳዝናል።

ካርዱን የሚሰጠው የሥልጠና ድርጅት ስም፣ ፓዲ ይሁን ኤስኤስአይ፣ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ሁለቱም የታወቁ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የሚያስተምራችሁ ሰው ነው።

ቦታን በተመለከተ ግን ብዙ ማለት ይቻላል። ዛንዚባር በሁለት ነፋስ ነው የምትኖረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ በኩል ኩሲ ይነፍሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ ካስካዚ ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ያኔ የሚዘጉ ዳይቭ ሴንተሮች አሉ። ጥቅምትን የመረጥነው በሁለቱ ነፋሶች መሃል ባሕሩ ረጋ ስለሚል ነው። ውሃው 27 ዲግሪ ነበር። ሌላው ነገር የባሕሩ መምጣትና መሄድ ነው። የውሃው ከፍታ ልዩነት በአንዳንድ ቀናት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ማቴምዌን በመሰሉ የምሥራቅ ዳርቻዎች ውሃው ሲሸሽ ጀልባ ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ አለ፤ ጫማ ያስፈልጋል። በምትኩ ምኔምባ ቅርብ ነው። ኑንግዊ እና ኬንድዋ ላይ ባሕሩ ያን ያህል አይሸሽም፤ ግን ወደ ምኔምባ በእንጨት ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው ይህን ያስብበት። እኛ ማቴምዌን መረጥን።

በመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን ራሴ አየሁ። አንዷ ልማድ በጣም ጠቅማኛለች፦ የምተነፍስበትን ሬጉሌተር አፌ ውስጥ አድርጌ ጌጁን እያየሁ አራት አምስት ጊዜ በደንብ እተነፍሳለሁ። በተነፈስኩ ቁጥር መርፌው ወደ ታች ዝቅ እያለ የሚመለስ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም ማለት ነው። አየሩንም አሸትተዋለሁ። ምንም መሽተት የለበትም፤ ዘይት ዘይት ካለ አልጠልቅም። የኦክስጅኑንም ሳጥን አስከፈትኳቸው። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። እንዲያውም ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አሳዩኝ።

6ኛው ዳይቭ ሪፍሬሸሩ ነው። 5 ሜትር፣ አሸዋ ላይ። ማስክ ውስጥ ውሃ አስገብቶ ማስወጣት፣ ሬጉሌተር ጥሎ መልሶ መያዝ፣ አንድ ቦታ ሳይነሱ ሳይወርዱ መንሳፈፍ። ከሁሉም ያስቸገረኝ እጄ ነው። ደስ ሲለኝ አውራ ጣቴን አነሳለሁ፤ ውሃ ውስጥ ግን አውራ ጣት ማንሳት «እንውጣ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ኢንስትራክተሯን ይዣት ልወጣ ነበር። አሁን አመልካች ጣትና አውራ ጣትን አገናኝቶ ክብ መሥራት ለምዶልኛል።

7ኛው እና 8ኛው ምኔምባ ላይ ዋታቦሚ የሚባለው ቦታ ነበሩ። ቀስ እያለ የሚወርድ የኮራል ዳገት ነው፣ ለጀማሪ የሚመች። ማለዳ ስለወጣን ሌሎች ጀልባዎች ገና አልደረሱም። አንድ አረንጓዴ ኤሊ ኮራል ሥር ተኝቶ አገኘን። አልነካነውም፣ አልከበብነውም። መሪያችን ራቅ ብለን እንድንቆም በእጁ አሳየን። ኤሊው ተነስቶ በራሱ ጊዜ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ አጠገቤ አለፈ። ይህን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በአምናው ሩጫ ቢሆን ኤሊ መኖሩንም አላይም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ጉንፋን ያዘው። ዱባይ ነው የሚኖረው፣ መጥለቅ የተማረው ፉጃይራ ነው፣ ከእኔ የተሻለ ልምድ አለው። መድኃኒት ወስጄ ልግባ አለ። ኢንስትራክተሯ እንደገና እምቢ አለች። መድኃኒቱ ታች ሳለ ኃይሉ ከቀነሰ ስትወጣ በጆሮህና በአፍንጫህ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል አለችው። የሁለታችንንም ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አዛወረችልን። በማግሥቱም አረፍን። ከዚያ ኪችዋኒ ሄድን፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ጅረቱ ይዞን የሚሄድበት ቦታ ነው። 9ኛው እና 10ኛው እነዚህ ናቸው። እንደ አምናው ኮራሉ ከሥሬ አለፈ። ልቤ መታ። ግን መሪው ከአጠገቤ ነው፤ ተንሳፋፊው ምልክት ከላይ ነው፤ ጀልባው ምልክቱን ይከተላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጅረቱን ወደድኩት።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል በሆነው ስቶን ታውን አጠገብ ነበሩ። ግሬት ኖርዘርን የተባለች የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኬብል ዘርጊ መርከብ በ1902 የሰመጠችበት ቦታ አለ። 12 ሜትር ላይ ስለሆነች ለኦፕን ዋተር ትሆናለች። በ1914 ኮኒግስበርግ በተባለ የጀርመን መርከብ የተመታው የእንግሊዙ ፔጋሰስም እዚያው ባሕር ውስጥ ነው፤ ግን 40 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የእኛ ደረጃ አይደለም። የኦፕን ዋተር ገደብ 18 ሜትር ነው። እሱን እንኳ ለመጠየቅ አልሞከርኩም።

አየሬ ላይ ያየሁት ለውጥ አስደስቶኛል። 10 ሜትር ላይ ከላይ የምንጠቀመውን አየር እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ ነው የምንጨርሰው። ስለዚህ መረጋጋት በቀጥታ ደቂቃ ይጨምራል። በ5ኛው ዳይቭ ከ200 ባር ወደ 60 የወረድኩት በ28 ደቂቃ ነው። በ12ኛው 48 ደቂቃ ቆይቼ 70 ባር ይዤ ወጣሁ። አዲስ አበባ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ መተንፈስን መለማመዴ ረድቶኛል፤ ዋናው ግን አለመፍራቴ ነው።

አሁን ወደዚያች የበረራ ጥያቄ። ይህ አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚመለከተን ይመስለኛል። ስንጠልቅ ሰውነታችን ናይትሮጅን ይመጥጣል። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ሊሠራ ይችላል። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለበርካታ ቀናት ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመክራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል። ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል። እኔ ሳርፍ ግን እንደ አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ነኝ፣ የማድረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከ18 ሰዓቱ አልፌ አንድ ሙሉ ቀን ተኩል ሳልጠልቅ ቆየሁ። በተመለስኩ ማግሥትም እንጦጦ ለሩጫ አልወጣሁም፤ እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። «ምንም ችግር የለም» ያለኝ ሴንተር የላከልኝ ፓኬጅ የመመለሻዬን ቀን ጠዋት ዳይቭ ያካተተ ነበር።

ገንዘብ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ዋጋ ስታወዳድሩ የመሣሪያ ኪራይ እና የምኔምባ ጥብቅ ሥፍራ መግቢያ ተካቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሳችሁም ዳይቪንግን የሚጨምር መሆኑን አንብቡት፤ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ገደብ ያደርግበታል።

ቀጥሎ ጅቡቲ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ ዌል ሻርኮች ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ፤ እነሱን ለማየት ማስክና ስኖርክል ይበቃል፤ በመሃል ሁለት ሦስት ዳይቭ እጨምራለሁ። ያችኑ አጭር መልእክት ለሦስት ሴንተሮች ልኬያለሁ። እስካሁን አንዱ መልሷል። የመጀመሪያው መስመር «መጨረሻ የጠለቅሽው መቼ ነው?» ይላል።