ወፍ ልታዪ ነው የሄድሽው?

ባለፈው እሑድ እዚህ ቆጵሮስ የላርናካን የጨው ሐይቅ ፎቶግራፍ አንሥቼ ቢሾፍቱ ላሉት ወዳጆቼ ላክሁላቸው። አብሮ አደጌ ወዲያው ደወለችልኝ። መጀመሪያ «በረዶ የለም እንዴ?» አለች። ቀጥላ «ባሕር ተሻግረሽ የሄድሽው ወፍ ልታዪ ነው? ፍላሚንጎ ለማየትማ አብያታ አይቀርብሽም ነበር?» ብላ ሳቀች። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሦስቱም ጥያቄዎች እንቅልፍ ነሡኝ።

የበረዶው ቀላል ነው። ቆጵሮስ ውስጥ በረዶ የሚጥለው ትሮዶስ ተራራ ላይ ነው፤ እሱም ክረምቱ ሲገፋ። እዚህ ባሕሩ ዳር ኅዳር ማለት እኩለ ቀን ላይ ሹራብ የሚያስወልቅ፣ ማታ ጋቢ የሚያስመኝ አየር ነው። የአገሩ ሰው ግን የደብረ ብርሃን ሐምሌ የመጣበት ይመስል ወፍራም ካፖርት ደርቦ ይወጣል፤ በዚያው ቀን ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ጎብኚዎች ባሕር ውስጥ ይዋኛሉ። የእኛ «ክረምት» የሚለው ቃል ግን እዚህ ቦታውን አይስትም፤ ክረምታቸው ዝናባቸው ነውና። በጋውን ሙሉ ሐይቁ ደርቆ ነጭ የጨው ሜዳ ይሆናል። ዝናብ ሲጥል ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ቀላ ያለች ሽሪምፕ ትፈለፈላለች፣ እሷን ፍለጋ ፍላሚንጎዎቹ ይመጣሉ። ሮዝ መልካቸውንም የሚያገኙት ከዚሁ ምግብ ነው። ሐይቁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ጎረቤት ነው፤ እኔም በታኅሣሥ ስመጣ በላያቸው አልፌ ነው ያረፍሁት። ያኔ ግን ዓይኔ ፓስፖርቴ ላይ ብቻ ነበር።

የምንከባከባቸውን አሮጊት ያያ እላቸዋለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የሐይቁን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጌታ ከሞት ያስነሣው አልዓዛር በኋላ ወደዚህ አገር መጥቶ ጳጳስ ሆነ ይላሉ፤ ከተማው መካከል በስሙ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐይቁ ያን ጊዜ የወይን ቦታ ነበር። አልዓዛር ደክሞትና ተጠምቶ ሲያልፍ አንዲት ሴት ወይን እንድትሰጠው ለመናት፤ እሷም «ደርቋል» ብላ መለሰችው። ረገመውና የወይኑ ቦታ ጨው ሆነ። ያያ ይህን ሲያወሩ ያማትባሉ።

እኔ የአገሩን ወፍ መጀመሪያ ያየሁት ግን ሐይቁ ላይ ሳይሆን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በመጣሁ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ ከያያ ዘመዶች አንዱ በጥቁር ፌስታል የቋጠረውን አምጥቶ «ላባቸውን ንጪ» አለኝ። ዶሮ መስሎኝ ስፈታው 20 የሚሆኑ ትንንሽ ወፎች ናቸው፤ ገላቸው ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። አመድማ ናቸው፤ ወንዱ እንደ መነኩሴ ጥቁር ቆብ ደፍቷል፣ የሴቷ ቆብ ቡናማ ነው። የአንዷ ክንፍ በሙጫ ተጨማድዶ ስለነበር ጣቴ ተጣበቀ። ልጅ ሳለን የዋንዛ ፍሬ ስንበላ እጃችንን የሚይዘንን ሙጫ አብሮ አደጎቼ ያውቁታል፤ ልክ እንደዚያ ነው። በኋላ ስጠይቅ የዋንዛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍ ፍሬ ተቀቅሎ፣ ከማር ጋር ተዋሕዶ፣ በቀጫጭን እንጨት ላይ እየተቀባ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደሚተከል ሰማሁ። ወፏ ልታርፍ ስትል እዚያው ትቀራለች።

ምግቡን አምቤሎፑልያ ይሉታል፤ የወይን ቦታ ወፎች እንደማለት ነው። ቀቅለው እንዳለ ይበሉታል። ከ1974 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ተደብቆ በውድ ይሸጣል። ወፏ ደግሞ መንገደኛ ናት። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ ወደ ደቡብ የምትወርድ፣ ከወገኖቿም ብዙዎቹ እኛ አገር ደጋ ጫካ ውስጥ የሚከርሙ ናት። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ሃያዎቹንም ነጨሁ። እምቢ ማለት እንደሚቻልም አላውቅም ነበር።

ያያ ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። በማግስቱ የሟች ባለቤታቸውን የርቀት መነጽር ከቁም ሣጥን አውጥተው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። «እሱ በሕይወት ቢኖር ያ ፌስታል በራፌን አያልፍም ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ የእሑድ ዕረፍቴን ከጸሎት በኋላ ሐይቁ ዳር አሳልፋለሁ። አያቴ ዘንድ ወፍ መጠበቅ ማለት ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን እንዳይጨርሱት በወንጭፍ ማባረር ነበር። እዚህ ደግሞ ሽማግሌዎች እንዳይበሩባቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ ይውላሉ። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ዓይኔን ያሠለጠነው ግን ማማው ነው።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሣኝ ልምጣ። አምና በኅዳር ሐይቁ ዳር ከሚገኘው መስጊድ አጠገብ ባለው የእግር መንገድ የወፍ ተመልካቾች ቡድን አገኘሁ። አሥር ያህል ናቸው፣ በሦስት እግር ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ ይዘዋል። ተራ ይዤ ልመልከት ብዬ ተጠጋሁ። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንዲት ሴትዮ «ጥሩ፣ መጣሽ» ብላ ቦርሳዋን አሸከመችኝ። ከመካከላቸው የአንዷ አረጋዊት ሠራተኛ መስያታለሁ። አንገቴ ላይ መነጽር ተንጠልጥሏል! መነጽሩን ያየ የለም፤ መልኬን ብቻ ነው ያዩት።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ግን የእሷ መስጠት አይደለም፣ የእኔ መቀበል ነው። እጄ ከአፌ ቀድሞ ተዘረጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ያዝሁት። ውስጡ ፔርሙስ ነበር፤ ክዳኑ በደንብ ስላልተዘጋ ሞቅ ያለ ቡና በጨርቁ አልፎ ቀሚሴን ሲያርሰው እንኳ አልተናገርሁም። ይሉኝታችን ባዕድ አገርም ይከተለናል፤ እዚያ ጨዋ ያሰኘን ነገር እዚህ አገልጋይ ያደርገናል።

ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ከሩቅ፣ ከሰማይ፣ እንደ ተሰነጠቀ መለከት ያለ። እነሱ ቴሌስኮፑን ውሃው ላይ ደቅነው ነበርና አልሰሙም። እኔ ግን ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ አጠገብ ነው ያደግሁት፤ ያን ጩኸት በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ስሰማ አድጌያለሁ። ክሬን! አንገተ ረጅሙ መንገደኛ ወፍ። ቦርሳውን ጭቃው ላይ አስቀምጬ መነጽሬን አነሣሁ። 17 ናቸው፣ አንገታቸውንም እግራቸውንም ዘርግተው። «ከእነዚህ ወገን እኔ አገር የሚከርሙ አሉ» አልሁ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ። ሁሉም ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ የት እንደሚያርፉ፣ ምን እንደሚበሉ ጠየቀኝ። የታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል እንደሚለቅሙ፣ ሲመሽ ሐይቁ ውስጥ ቆመው እንደሚያድሩ ነገርሁት። ቴሌስኮፑን ለቀቀልኝ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ጭቃውን ጠረገች። ይቅርታ አላለችም።

እና አንቺ መቼ ነው የምትወስጂኝ ያልሽኝ እህቴ፣ እኔ አልወስድሽም፤ አልከለክልሽምም። ሥራው ሥራ ነው፣ ሰውን ማንሣትና ማጠብ አያሳፍርም። ደላላው ግን ደመወዙን እንጂ የቀረውን አይነግርሽም። ውሉን በምታውቂው ቋንቋ ሳታነቢ አትፈርሚ። የዕረፍት ቀንሽ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ያችን አንድ ቀን ካስነካሽ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ፓስፖርትሽን ለማንም አታስረክቢ። ሰላምታ ከመማርሽ በፊት ደግሞ «ኦሂ» የሚለውን ተማሪ፤ አይሆንም ማለት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው አፌ የለመደው። ዘንድሮ በጥቅምት ያ ፌስታል ተመልሶ ሲመጣ ብዬዋለሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ሰውየው ተቆጣ፣ ያያ ከአልጋቸው ሆነው «ኦሂ» ብለው ደገሙልኝ።

ትናንት ማታ ክሬኖቹ በከተማው ላይ እየጮኹ አለፉ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ጨለማውን ባፈጥም አላየኋቸውም። ጠዋት ለእናቴ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ጨለለቃ ወፎቹ መጡ?»

«ጤፉ መቼ ታጨደና ልጄ» አለችኝ። «ገና ነው። ሲመጡ ስልኩን ወደ ውጭ አውጥቼ አሰማሻለሁ።»